የእድራችን ማይክ ለምን ይጠፋል?

ተጂ ከተማ ካለው የእድራችን ንብረት ሁሉ እኔን ንብረት ያዡን የሚያስጨንቀኝ ድንኳኑም ድስቱም አይደለም፤ በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ገመድ አልባ ማይክ ነው። ድንጋዮቹ ቻርጅ የሚደረጉ ናቸው። ሌሊቱን ቻርጀር ላይ ያድራሉ፤ ጠዋት አረንጓዴ መብራት ይታያል። ለቅሶ ቤት ሲደርሱ ግን የቀብሩ ሰዓት ተነግሮ ሳያልቅ ማይኩ ቀይ ያበራና ዝም ይላል። ሐዘንተኛ ፊት ይህ መሆን የለበትም። ከእድሩ ገንዘብ አውጥቼ ሌላ ከመግዛቴ በፊት ምክንያቱን ላጣራ ተነሣሁ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የድንጋዩን ዓይነት ነው። ሲያልቅ የሚጣለው አልካላይን ድንጋይ አዲስ ሲሆን 1.5 ቮልት ነው፤ ቻርጅ የሚደረገው የኒኬል ድንጋይ 1.2። በሁለት ድንጋይ 3 ቮልት የነበረው 2.4 ይሆናል ማለት ነው። ማይኩ ይህን አይቶ “አልቋል” ቢል አያስገርምም ብዬ ነበር። ግን አልተዋጠልኝም። አልካላይኑም እየሠራ ቮልቱ ይወርዳል፤ ጉልበቱን ሲያጋምስ እሱም 1.2 አካባቢ ይደርሳል፤ ማይኩ ግን አይጠፋም። ኒኬሉ ደግሞ አብዛኛውን ጉልበቱን የሚሰጠው እዚያው 1.2 አካባቢ ረግቶ ነው። ጥፋቱ የቮልት ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማይኩ ገና ሲከፈት እንቢ ይል ነበር።

ቀጥሎ የጠረጠርኩት መብራት መቋረጡን ነው። የእኛ ዓይነቱ ርካሽ ቻርጀር ድንጋዩ መሙላቱን አያውቅም፤ ሰዓት ቆጥሮ ያቆማል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቆጠራውን እንደገና ይጀምራል። ያን ጊዜ ግን ድንጋዩ ከልኩ በላይ ይሞላል፣ ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል እንጂ ባዶውን አይቀርም። መብራት ሳይቋረጥ ባደረበት ሌሊት ቻርጅ አድርጌም ማይኩ እንደ ልማዱ ጠፋ። ያ አረንጓዴ መብራት የሰዓቱን ማለቅ እንጂ የድንጋዩን ጤና እንደማይነግረኝ የገባኝ ያኔ ነው።

“ጨርሶ ሳይሞት ቻርጅ እያደረግህ ነው ያበላሸኸው” ያሉኝም አሉ። ይህ ምክር ስዊድናዊው ዋልደማር ዩንግነር እ.ኤ.አ. በ1899 ከፈለሰፈው የኒኬልና ካድሚየም ድንጋይ የተወረሰ ነው። ዛሬ በየሱቁ የምናገኘው የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ድንጋይ እስኪሞት መጠበቅ አያስፈልገውም፤ እንዲያውም እስከ መጨረሻው መራቆት ይጎዳዋል። ተቀምጦ በራሱ ጊዜ ይፈሳል የሚለውንም አሰብኩበት፤ እውነት ነው፣ ይፈሳል። የእኛ ግን ከቻርጀር በወጣ ዕለት ነው የሚጠፋው።

ከዚህ በኋላ ወደ ልኬት ገባሁ። በቴስተር ስለካቸው አንዱ 1.31፣ ሌላው 1.30 አሳየ። ሁለቱም ጤነኛ ይመስላሉ። ግን ሥራ ላይ ያልዋለ ድንጋይ የሚያሳየው ቁጥር ስለ አቅሙ ምን ይነግረኛል? ስለዚህ የድሮ የእጅ ባትሪ አምፖል በየተራ አገናኘሁባቸውና አምፖሉ እየበራ ለካሁ። አንደኛው 1.2 ላይ ጸና። ሁለተኛው ላይ የአምፖሉ ክር እየቀላ እየደበዘዘ ሄደ፤ ቁጥሩም ብዙ ሳይቆይ ከ1 በታች ወረደ።

ነገሩ ተገለጠልኝ። ሁለቱ ድንጋዮች ተከታትለው ስለሚገጠሙ በአንዱ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በሌላውም ያልፋል። አንዱ በሬ የዛለበት ጥማድ ሌላው ቢበረታም አያርስም። ይባስ ብሎ ደካማው ቀድሞ ባዶ ሲሆን ብርቱው በግድ ኤሌክትሪክ ያሳልፍበትና ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ይገለብጥበታል፤ ያኔ ደካማው ጭራሹን ይበላሻል።

አንድ ጥርጣሬ ቀርቶኝ ነበር፤ ማይኩ ራሱ ቢሆንስ? ሌላ ምንም ሳልነካ ደካማውን ብቻ በደህና ድንጋይ ቀየርኩት። ማይኩ ለቅሶው እስኪያበቃ ሠራ። ማይኩ ነጻ ወጣ። ጥፋቱ የአንድ ድንጋይ ነበር፤ ይህም የደረሰው በተለያየ ጊዜ የተገዙ ድንጋዮች በአንድ ሣጥን ተቀላቅለው ስለኖሩ ይመስለኛል።

እንዲህ ያለ ዕቃ በእጃችሁ ያለ የእድርና የማኅበር ንብረት ያዦች፣ ድንጋይ ስትገዙ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ግዙ፤ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ጻፉና አብረው ይሞሉ፣ አብረው ይሥሩ። ማይኩ ሲጠፋ ሁለቱንም አትጣሉ፤ አምፖል አገናኝታችሁ ለኩና ደካማውን ለዩ።