እንደማይድን በታወቀ ሕፃን ላይ

እንደማይድን በታወቀ ሕፃን ላይ ገና ያልተፈተነ መድኃኒት መሞከር ተገቢ ነውን? ጥያቄው የሐኪሞች ብቻ ቢሆን ኖሮ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ብቻ ያለኝ እኔ አፌን ባልከፈትኩ ነበር። ዳሩ ግን ሐኪሙ መልሱን የሚጠብቀው ከወላጅ ነው፤ ወላጅ ደግሞ ማናችንም ነን።

ነገሩን በደፈናው ከማውጠንጠን አንድ ሰው እናንሣ። ሲድኒ ፋርበር በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል የሥነ ደዌ ሐኪም ነበር። ይህ ሙያ ከታመሙት ይልቅ ከሞቱት ጋር የሚያውል ነው። በዚያ ዘመን ሉኬሚያ የተባለው የደም ካንሰር የያዘው ሕፃን ከጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት በላይ አይቆይም ነበር። ደም ይሰጡታል፣ ሕመሙን ያስታግሱለታል፣ ወላጆቹን ያጽናናሉ፤ አለቀ።

ፋርበር በመጀመሪያ ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቪታሚን ሰጠ። በሽታው ባሰበት። ሌላው ሰው እዚህ ላይ እጁን ይሰበስብ ነበር። እርሱ ግን፣ ቪታሚኑ ካንሰሩን የሚመግብ ከሆነ የቪታሚኑ ተቃራኒ ሊያስርበው ይችላል ብሎ አሰበ። ተቃራኒው አሚኖፕተሪን ይባላል፤ ሕንዳዊው ተመራማሪ የላፕራጋዳ ሱባራው ከባልደረቦቹ ጋር በሌደርል ኩባንያ የሠሩት ነው። ፋርበር እ.ኤ.አ. በ1947 መጨረሻ ለሕፃናት መስጠት ጀመረ፤ በጁን 1948 ባሳተመው ጽሑፍ ከ16ቱ ሕፃናት 10ሩ መሻሻል ማሳየታቸውን ገለጸ። ተኝተው የነበሩ ተነሡ፤ በሉ፤ ተጫወቱ። ከወራት በኋላ በሽታው ተመለሰ። መድኃኒቱ ራሱም መርዝነት ነበረው፤ አፍ ያቆስላል።

“ምስኪኖቹን በሰላም ይሙቱ፣ ተዋቸው” ያሉ ባልደረቦች ነበሩት። ዛሬ በእነርሱ ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ምክንያቱም ያ ጅምር የት እንደ ደረሰ እናውቃለን። በ1960ዎቹ ፍሬይና ፍራይራይክ የተባሉት አሜሪካውያን ሐኪሞች አራት መድኃኒቶችን አጣምረው ሰጡ፤ አሁን በበለጸጉት አገሮች በሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው ሉኬሚያ ከያዛቸው አሥር ልጆች ዘጠኙ ያህል ይድናሉ። እኔ ግን በዚህ መከራከሪያ አልረካም። 16ቱ ሕፃናት ለማንም ድልድይ ልሁን አላሉም። የአራት ዓመት ልጅ ይህን ሊል አይችልም፤ አባቱም በጭንቅ ላይ ሆኖ የሰጠው ፈቃድ ምን ያህል ፈቃድ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ለፋርበር ከመሰከርኩለት የምመሰክርለት ስለ እነዚያ የጨዋታ ወራት ነው። ለእኔ አንድ ወር የደመወዝ ልክ ነው፤ ለሕፃን ግን ዘመን ነው። ወሩ በአፍ ቁስል ብቻ ካለፈ ግን ክርክሬ ይፈርሳል።

የአንጎል ዕጢ ነገሩን የባሰ ያወሳስበዋል። ሜዱሎብላስቶማ በሚባለው ዕጢ የተያዘን ልጅ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለአንጎሉና ለአከርካሪው ጨረር እየሰጡ ማዳን ይቻላል። ነገር ግን ጨረሩ የማስታወስና የመማር ችሎታን ይጎዳል፣ ዕድገትን ያጓትታል፤ ገና ሦስት ዓመት ባልሞላው ላይ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከማዳን አልፈው ጨረሩን ለመቀነስና ለማዘግየት ሲደክሙ ኖረዋል። የዳነው ልጅ አድጎ “ለምን እንዲህ አደረጋችሁኝ?” ሊል ይችላል፤ ያልዳነው ይህን አይጠይቅም።

በአንጎል ግንድ ውስጥ የሚበቅል፣ ቢላዋ የማይደፍረው ሌላ ዕጢም አለ። ጨረቃን የረገጠው የኒል አርምስትሮንግ ልጅ ካረን፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላት በ1962 የሞተችው በእንዲህ ያለው ዕጢ ነው። ዛሬም ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ሁለት ዓመት አይቆዩም። ናሙና መውሰድ አደገኛ ነው ተብሎ ሐኪሞች ለረጅም ዘመን በምስል ብቻ ሲፈርዱ ስለኖሩ፣ የሚመረመር ነገር አልነበረም። በኋላ አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው ከሞተ በኋላ ዕጢውን ለምርምር ሰጡ። በ2012 በዕጢው ሕዋሳት ውስጥ ያለው የዘረመል ለውጥ የታወቀው በከፊል ከእንዲህ ያለው ስጦታ ነው።

በእኛ ዘንድ አስከሬን ሳይነካካ እንዲቀበር የሚሻው ብዙ ነው፤ ስሜቱ እኔም ውስጥ አለ። ችግሩ ናሙናው መወሰድ ያለበት ከሞት በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ለመጠየቅ ከፈለገ ልጁ በሕይወት ሳለ፣ ምናልባትም በሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ካርቱን እያየ ሳለ መጠየቅ አለበት። ጭካኔ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ወላጅ ብሆን በሰዓቱ ብጠየቅ፣ እምቢ የማለቱም ጊዜ ቢኖረኝ እመርጣለሁ።