ስለ ጀርመንኛው የይቅርታ ቃል

በጀርመን አገር በመንገድ ሲሄድ ሌላውን ሰው በትከሻው የነካ ሰው ወዲያው «ኤንትሹልዲጉንግ» ይላል። ይህ ቃል ዕለት ዕለት ከአፍ ስለማይለይ ትርጓሜውን የሚመረምረው ሰው ጥቂት ነው። ሲፈቱት ግን ከባድ ነገር ይዞ ይገኛል። «ኤንት» ማስወገድን ያመለክታል፤ «ሹልድ» በደል ማለት ነው፥ ደግሞም ዕዳ ማለት ነው። ዳኛ በጥፋተኛው ላይ ሲፈርድ «ሹልዲግ» ነው ይላል፤ ዕቃ የገዛም ሰው ሒሳቡን ሲጠይቅ በዚያው ቃል ለነጋዴው «ምን ያህል ሹልዲግ ነኝ» ይለዋል።

የሁለቱ በአንድ ቃል መጠራት ከጥንት የመጣ ነው። የቃሉ ሥር ባለዕዳ መሆንን የሚያሳይ ግሥ ሲሆን፥ «ይገባል» የሚለው የዛሬው «ዞለን»ም ከዚሁ ወጥቶአል። በ4ኛው መቶ ዓመት ኤጲስ ቆጶስ ዉልፊላ ወንጌልን በጎቶች ቋንቋ ሲተረጕም፥ በአባታችን ሆይ ጸሎት ስለ በደል በሚለመንበት ስፍራ ከዚህ ሥር የወጣውን «ባለዕዳ» የሚለውን ቃል አገባ። የማቴዎስም ግሪክኛ በዚያ ስፍራ ዕዳ ይላል። ፈላስፋው ኒቼ በ1887 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ይዞ የበደል ሐሳብ ከገንዘብ ዕዳ ተወለደ ብሎ ጻፈ። የቃሉ ትውልድ ለዚህ ይመች ይሆናል፤ ነገር ግን ከማንም አንዳች ያልተበደረ ሰውም ባልንጀራውን ይበድላል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስጨንቀው ጥያቄ፥ ዕዳውን የሚያነሣው ማን ነው የሚለው ነው። ዛሬ ጀርመናዊው ብዙ ጊዜ «ኢሽ ኤንትሹልዲገ ሚሽ» ይላል፤ ቃል በቃል ሲፈታ «ራሴን ከዕዳዬ አወጣለሁ» ማለት ነው። ባለዕዳ ግን በአበዳሪው መዝገብ ላይ የተጻፈውን በገዛ እጁ ሊፍቅ አይችልም። ስለዚህ ቋንቋቸውን የሚጠነቀቁ ሰዎች ይህን አነጋገር ነቅፈው፥ ይለመናል እንጂ ለራስ አይሰጥም ይላሉ።

ነቀፋው ትክክል ነው፤ ሆኖም አነጋገሩ የቈየ ነው። ቀድሞ ይህ ግሥ የተከሰሰ ሰው ምክንያት አቅርቦ ራሱን ንጹሕ ሲያደርግ የሚነገር ነበር። ማርቲን ሉተር፥ ሐዲስ ኪዳኑ መጀመሪያ በ1522 የታተመው፥ በሉቃስ 14ኛ ምዕራፍ ወደ እራት የተጠሩት ሰዎች ምክንያት መስጠት መጀመራቸውን በዚሁ ግሥ ጽፎታል። መሬት የገዛውና አምስት ጥማድ በሬ የገዛው ደግሞ «አንተ ከዕዳ አውጣኝ» ብለው የሚለምኑት በዚያው ቃል ነው። እነርሱስ ምክንያታቸው ደካማ ቢሆንም የሚለቃቸው ሌላ ሰው እንደ ሆነ ዐውቀዋል። ሚስት ያገባው ሦስተኛው ግን አንዳች አልለመነም፤ ልመጣ አልችልም ብቻ ብሎ ቀረ።