የሰውነት ሐቅ

እንደ አኖ ባሉ የነቀምቴ መንገድ ከተሞች ጎህ ሲቀድ ሱቁን ከፍቶ እስከ እኩለ ሌሊት የሚቆም ነጋዴ «ጎበዝ» ይባላል። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ ይህ ጉብዝና ከማን ሐቅ ላይ ይከፈላል?

ተራ ድካም እንቅልፍ ሲያገኝ ይለቃል። እረፍት የማይሽረው መዛል፣ ሥራን ማንገሸገሽና «ምንም አልረባሁም» ማለት ግን ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) እነዚህን ሦስቱን ያልተገታ የሥራ ጫና ውጤት ብሎ መዝግቧቸዋል። የዛለ ሰው ምሬቱ የሚያርፈው በደንበኛው፣ በትዳሩና በልጁ ላይ ነው።

ሰልማን አል-ፋሪሲ ጾምና ሶላት ላበዛው አቡ ደርዳእ ሰውነቱም ቤተሰቡም ሐቅ እንዳላቸው ሲያሳስበው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እውነት መናገሩን አረጋግጠዋል። ዒባዳ እንኳ ልክ ካለው፣ ገንዘብ ፍለጋ እንዴት ልክ ያጣል?

«ኑሮ ተወዶ ማን ያርፋል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ለአሠሪም ጭምር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይህን የሚጠይቅ ሠራተኛ ሰነፍ አይደለም። የራሱ አሠሪ የሆነው ባለሱቅም ለራሱ ሕግ ያውጣ፤ ሰውነቱ አማና እንጂ የግል ንብረቱ አይደለምና።