ወጡ ባይጣፍጥስ?

«ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ሚኒስትር ሲሻር፣ አሠልጣኝ ሲባረር፣ መሥሪያ ቤት ስሙን ሲቀይር እናነሳዋለን። ብልህ አባባል ነው፤ ላይ ላዩን በሚደረግ ለውጥ ላይ ያለንን ጥርጣሬ በአራት ቃል ይጨርሰዋል። ግን ተረቱን ከፖለቲካው እናውጣውና ወደ መጣበት ቦታ፣ ወደ ማድ ቤት፣ እንመልሰው። ይሄን ፍርድ የሰጠው ማነው? ወጡን የቀመሰው ሰው እንጂ ወጡን የሠራችው አትመስለኝም። ጉልቻው ፊት ተንበርክካ እፍ ስትል የቆየችው ሴት ብትጠየቅ መልሷ ስለ ዓይኗና ስለ ደረቷ ይሆን ነበር። ወጡ ሁለተኛ ነው።

ክርክሬን ከጅምሩ ልናገር። ምድጃ መቀየር፣ አንድ ቤት ውስጥ የማን ትንፋሽ እንደሚቆጠርና የማን እንደማይቆጠር የሚያሳይ የፍትሕ ጥያቄ ነው። ምድጃው እንዴት እንደሚተከልና እሳቱ እንዴት በጥንቃቄ እንደሚያዝ ማወቅም የመልሱ አካል ነው።

ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ወደ ዳባትና ደባርቅ ስትወጡ አገሩ እየበረደ ይሄዳል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከእሷ ወዲያ የሰሜን ተራሮች አሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት እሳት የሌለበት ቤት ምን ማለት እንደሆነ የደጋ ልጅ ያውቀዋል። ቤቱ ብርድ እንዳያስገባ ጥብቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ መስኮቱ ጠባብ ነው፣ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። ታዲያ ብርድ የማያስገባው ግድግዳ ጭስም አያስወጣም። ማገዶውም ሁልጊዜ ደረቅ ፍልጥ አይደለም። የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ጭራሮ፣ ኩበት፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ የረጠበ እንጨት ነው።

በዚህ ላይ እንጀራ አለ። ሰፊው ምጣድ ከመሀሉ እስከ ጠርዙ እኩል ካልጋለ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ስለዚህ ጋጋሪዋ ሊጡ እስኪያልቅ ከእሳቱ አትለይም፤ ትማግዳለች፣ ትቆሰቁሳለች፣ እፍ ትላለች። በሦስት ጉልቻ ላይ ነበልባሉ በየጎኑ እያመለጠ ብዙው ሙቀት ምጣዱን ሳይነካ ይባክናል። ጀርባዋ ላይ ሕፃን ካለ እሱም አብሯት ይተነፍሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ ሞቷል፤ በሳንባ ምች፣ በልብ ሕመም፣ በስትሮክ፣ በሳንባ ካንሰር። ቤታችን ገብቶ ይህን ያህል ሰው የሚገድል ወራሪ ቢኖር ክተት ይታወጅበት ነበር።

ታዲያ ለምን ዝም ተባለ? አንደኛው ምክንያት ጭስ ቀስ ብሎ መጉዳቱ ነው። ዛሬ የገባው ጭስ ሂሳቡን የሚያመጣው ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሳሉ «እርጅና ነው» ይባላል። ሁለተኛው ምክንያት ግን እኛው ነን፤ እናመሰግናለን። «ባለሙያ ናት፣ እጇ ይባረክ» እንላለን። ምስጋናው ከልብ ነው፤ ሆኖም አመስግነን ስንነሳ ዋጋውን የከፈልን ይመስለናል። እናት ለልጇ ስትል የምትችለው መከራ ስላለ፣ ልጅ መከራውን የማስቀረት ግዴታ የለበትም ማለት አይደለም። ፍቅር መስዋዕትነትን ሊያስረዳ ይችላል፤ ሌላው ሰው ዝም ብሎ እንዲቀበል ፈቃድ አይሰጥም።

እሳት አጠገብ የሚውለውን ሰው መርሳት ደግሞ አዲስ ልማዳችን አይደለም። ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ በሸክላዋ ትታወቃለች። የቤተ እስራኤል ሴቶች ጭቃውን ረግጠው፣ ምጣዱንና ድስቱን ሠርተው፣ በእሳት ተኩሰው ለገበያ ያወጡ ነበር። ገዢው ምጣዱን ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ ሠሪዋን ግን «ቡዳ» ብሎ ይሸሻል። በእጇ የተሠራው ዕቃ ማዕድ ቤት ይገባል፣ እሷ ግን ማዕድ ላይ አትቀመጥም። ማድ ቤቱን ከዋናው ቤት ጓሮ አርቀን ስንሠራና ጭሱን ለአንድ ሰው ስንተው፣ ያንኑ ልማድ በትንሹ ቤታችን ውስጥ እየደገምነው ይመስለኛል።

*

እርግጥ ጭስ ጠበቃ የለውም ማለት አይደለም። የደጋ ሰው ጭስን የሚያውቀው በጉዳቱ ብቻ አይደለም። የሣር ክዳንን ከነፍሳት ይጠብቃል፤ ከጣሪያ ሥር የተሰቀለውን ዘር ነቀዝ እንዳይበላው ይረዳል፤ የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ክፍት እሳት ደግሞ መብራትም ነው፤ ዙሪያው ተረት ይነገራል፣ እግር ይሞቃል፣ ሽማግሌ ይጫወታል። እሳቱን ግድግዳ ውስጥ የሚያስገባ ምድጃ ይሄን ሁሉ ይቀንሳል። «ድሮም በዚሁ አድገን የለ?» የሚሉት አያት ዝም ብለው ግትር አይደሉም፤ የሚያጡትን ነገር ያውቁታል።

ይሄንን ማመን አለብን። ካመንን በኋላ ግን ጥቅሙና ጉዳቱ ለማን ለማን እንደተከፋፈለ እንይ። ሙቀቱና ጨዋታው ለሁሉም ይደርሳል፤ ጭሱ በብዛት የሚደርሰው ለአንዷ ነው። ጥቅሙ የጋራ፣ ዕዳው የግል የሆነበትን ሥርዓት «ባህላችን» ብሎ መጥራት ይቻላል፤ ፍትሕ ግን አያደርገውም።

ለዚህ ችግር አገራችን መልስ ሳትፈልግ አልቀረችም። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የተቀረጸ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተቦክቶ በቅርጽ ይወጣል፤ ክፍሎቹ ተገጣጥመው ምጣዱን ዙሪያውን ያቅፉታል፤ ማገዶው በፊት በር ይገባል፤ ከኋላ ባለው ቀዳዳ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ደግሞ ድስት ያሞቃል። ከክፍት እሳት ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። እዚህ ላይ ግን ልብ በሉ። ማገዶ መቆጠብና ጭስ ማስወጣት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከኋላው ቀዳዳ ላይ ቧንቧ ተቀጥሎ በጣሪያው ካልወጣ፣ የተረፈው ጭስ እዚያው ቤት ውስጥ ነው የሚቀረው። የማገዶ ወጪን የሚቀንሰው አካል ቶሎ ይገዛል፤ ሳንባዋን የሚያድነው ቧንቧ ግን «ቀስ ብሎ ይደረሳል» ይባላል። የቤቱን የሞራል ሚዛን ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ስለዚህ የአተካከሉን ዝርዝር እንደ ቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አልፌው አልሄድም። ምድጃው በድንጋይና በጭቃ ከፍ በተደረገ ጠፍጣፋ መደብ ላይ ይቀመጥ ስንል፣ ስለ ጎንበስ ብሎ የሚውል ወገብና ስለሚድህ ሕፃን እየተናገርን ነው። የክፍሎቹ መጋጠሚያ በጭቃ ይመረግ፣ ሲሰነጠቅም ይታደስ። ከእንጨት ግድግዳ ራቅ ይበል። ቧንቧው ከጣሪያው ጫፍ በላይ ይውጣ፤ ጣሪያው ሣር ከሆነ ቧንቧው ሣሩን እንዳይነካ ዙሪያው ሰፋ ተደርጎ ይከፈት፣ የማይነድ ነገርም ይልበስ። ጥላሸቱ በየጊዜው ይጠረግ፤ የተደፈነ ቧንቧ ከሌለ ቧንቧ አይሻልም። እንጨቱ ይፈለጥ፣ ጥላ ሥር ይድረቅ፣ ጥቂት ጥቂት ይማገድ። እሳት አልቀጣጠል ሲል ጋዝ አይደፋበት። ውኃ ወይም አሸዋ የያዘ ባልዲ አጠገብ ይኑር። ሰው ከተቃጠለ ቁስሉ ለ20 ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ይታጠብ እንጂ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀባ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ባለበት ቤት ክፍት እሳትን መከለል ግዴታ ነው፤ ስንት ሰው በሕመሙ ሳይሆን በወደቀበት ፍም ተጎድቷል!

*

ታዲያ ይሄ ሁሉ ከታወቀ ለምን አይደረግም? ድህነት አንዱ መልስ ነው፤ ብቸኛው ግን አይደለም። ግራንት ሚለርና ሙሽፊቅ ሞባራክ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች በባንግላዴሽ ገጠር ያዩት ነገር ወደ እኛም ቤት ይመጣል። ሴቶቹ ለጤና የሚሻለውን ምድጃ ከባሎቻቸው አብልጠው ይፈልጋሉ፤ መግዛት ላይ ሲደረስ ግን ገንዘቡ ላይ ሥልጣን የላቸውም። የሚያስላት ሌላ፣ ኪሱን የያዘው ሌላ። እዚህ ላይ «ለምን አልጠየቀችም?» የሚል ይኖራል። መጠየቅ ያለባት እሷ መሆኗ ራሱ ነው ችግሩ።

አሁን ደግሞ ለእኔ ክርክር የማይመቸውን ነገር ላንሳ። በምዕራብ ጎጃም ሜጫ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ በገባባቸው ቤቶች የሕፃናት የሳንባ ኢንፌክሽን በጉልህ መቀነሱን አላገኘም። በማላዊ ከ10,000 በላይ ሕፃናትን ያካተተ ትልቅ ሙከራም የሳንባ ምች መቀነስ አላየም። ታዲያ ተረቱ እውነቱን ነበር? ጉልቻው ተቀየረ፣ ወጡ ያው ነው?

እኔ እንደዚያ አላነበውም። እንጀራው በአዲሱ ምድጃ ሲጋገር ወጡ፣ ቡናውና ንፍሮው ብዙ ጊዜ በድሮው ጉልቻ ላይ እንደቀሩ ነው። የጎረቤት ጭስ አለ፤ የቆሻሻ ማቃጠያ አለ። ጥናቶቹ የሚነግሩን አንድ ዕቃ ሰጥቶ ዞር ማለት ዕዳ እንደማይከፍል ነው። ለአንድ ቀን የሥልጠና ፎቶ የተከፋፈለ ምድጃ፣ ሲሰነጠቅ የሚጠግነው ካጣ፣ ከሁለት ክረምት በኋላ የዶሮ ማደሪያ ይሆናል። ደግሞም የጋጋሪዋ ዓይን እንዳይቃጠል፣ ልጁ ፍም ላይ እንዳይወድቅ መፈለግ የጥናት ውጤት እስኪወጣ መጠበቅ ያለበት ነገር አይደለም።

ከተማ ውስጥ ያለን ሰዎችም ከዚህ አናመልጥም። ጎንደር ላይ አንድ ክፍል የተከራየች ተማሪን አስቡ። አከራይዋ «የኤሌክትሪክ ምጣድ አይቻልም፣ ቆጣሪው የጋራ ነው» ይሏታል። የሚሉት ከንቱ አይደለም፤ ምጣዱ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፣ የቤቱ ሽቦም ያረጀ ነው። እሷ ግን መብላት አለባት፤ ከሰል ትገዛለች። ሲመሽ ይበርዳል፣ ምድጃውን ወደ ውስጥ ታስገባና በሩን ትዘጋለች። ከሰሉ ፍም ስለሆነ፣ ጭሱም ስለጠፋ አደጋው ያለፈ ይመስላታል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ እንቅልፍ፣ ከዚያ በቃ። ከሰል የሚነድበት ምድጃ መኝታ ክፍል አይገባም፤ ይሄ ድርድር የለውም። ሆኖም ምክሩን ለእሷ ብቻ መስጠት ግማሽ ሥራ ነው። አከራይ ሆናችሁ ለተከራይ አየር የሚያስወጣ የጋራ ማድ ቤት ካላዘጋጃችሁ፣ የከለከላችሁት ምጣድ ወደ ከሰል ተቀይሮ እሷው ክፍል ገብቷል።

«የሕዳሴው ግድብ ተመርቋል፣ ሁሉም በመብራት ይጋግራል» የሚል ተስፋ አለ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ተስፋውም ትክክል ነው። ነገር ግን ኃይል ከግድብ እስከ ማድ ቤት የሚሄደው በሽቦ ብቻ አይደለም። ምጣድ መግዣ ገንዘብ ማን እጅ እንዳለ፣ ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነም ይወስነዋል። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ወደ ጉልቻው ይመለሳል፤ ጉልቻው ፊት የምትቀመጠው ደግሞ ያቺው ሴት ናት።

ስለዚህ አዲስ ምድጃ ሲመጣ «ወጡ ይጣፍጣል ወይ?» ብለን አንጀምር። እሳቱን የሚያነደው ማነው? ዓይኗ ያለቅሳል? ቧንቧው ተገጥሟል ወይስ «በኋላ» ተብሏል? ሲደፈን የሚጠርገው ማነው? ከመካከላችን ተነስቶ በተራው የሚጋግር አለ? ወንድሞቼ፣ ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ለእኛ ነው። ማድ ቤት ገብቶ አንድ ሊጥ እስኪያልቅ የተቀመጠ ሰው፣ ቧንቧ ለመግዛት ሦስት ወር አይቆይም። ወጡ እንደ ድሮው ቢሆንም ግድ የለም፤ ድሮም ችግሩ ወጡ አልነበረም።