መንዳት የእረኛ ነው

ልጄ፣ መንጃ ፈቃድህን በማውጣትህ እንኳን ደስ አለህ። ከሰሞኑ ተሳፋሪ መጫን እንደምትጀምርም እናትህ ነግራኛለች። ባለፈው፣ ስልክህ ላይ ፎቶ የምታስቀምጥበትም «ድራይቭ»፣ መኪና መንዳትም «ድራይቭ» የተባለው ለምን እንደሆነ ጠይቀኸኝ ነበር። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ዛሬ ቁጭ ብለህ ስማኝ። እንጀራህን የምትበላበት ግስ ስለሆነ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይገባሃል።

የእንግሊዙ «ድራይቭ» የእረኛ ቃል ነው። ጥንት ሲነገር ከብትን ከኋላ ሆኖ ወደፊት ማስኬድ ማለት ነበር፤ ተነድቶ የሚሄደውን መንጋ ዛሬም «ድሮቭ» ይሉታል። ከዚያ በፈረስ የሚጎተተውን ሠረገላ ነዱበት፣ ቀጥሎም መኪናውን። ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ ዲስኩን የሚያሽከረክረውን ክፍል በዚሁ ስም ጠሩት፤ ያንተም ፎቶ ማስቀመጫ ስሙን የወረሰው ከዚያ ነው። ጀርመኖች የዚህ ቃል ዘመድ የሆነውን «ትራይበን»ን ለከብቱ ትተው፣ ለመኪናው «ፋረን» ይላሉ፤ መሄድ፣ መጓዝ እንደማለት ነው።

ወደ እኛ እንምጣ። ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለአፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ለዚህ ነገር የተዘጋጀ ግስ አልነበረንም። የዕቃዎቹን ስም ከጣሊያን ወሰድን፤ መኪናው ራሱ፣ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው፣ ፍሬቻው ሁሉ የጣሊያን ስም ነው። የሥራውን ዋና ግስ ግን ከማንም አልተበደርንም። ግዕዝ «ነድአ» የሚለውን፣ ገበሬው በሬውን፣ ልጁ በጉን የሚነዳበትን ግስ አውጥተን መኪናው ላይ ጫንነው። እንግሊዙም እኛም በየፊናችን ቃል ፍለጋ የሄድነው እረኛው ዘንድ ነው። ኦሮሞው ከብቱንም መኪናውንም «ኦፉ» ይላል። ዓረቡ ግመል የሚነዳበትን «ሳቀ» ለመኪናው አዋለው፤ ሾፌሩም «ሳኢቅ» ተባለ። ፈረንሳዩና የትግርኛ ተናጋሪው ግን ከፊት መሆንን መረጡ፤ የፈረንሳዩ «ኮንዱዊር» መምራት ማለት ነው፣ በትግርኛም ነጂው «መራሕ መኪና» ነው። የኛው መኪናም ይህን አላጣውም፤ እጅህ የሚይዘው መሪ ነው።

«ሾፌር» የምንለው ቃል ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «የሚያሞቅ» ማለት ነው። ዱሮ የባቡሩን ምድጃ በከሰል የሚያነደው ሰው መጠሪያ ነበር፤ መኪናውም ገና በእንፋሎት ይሄድ በነበረ ጊዜ ስሙ ወደ ነጂው ዞረ። እኛም ተቀብለን «ሾፈረ»፣ «መሾፈር» ብለን እንደ ገዛ ግሳችን አረባነው። «ነዳጅ»ን ከ«ነዳ» የወጣ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም፣ ከ«ነደደ» ነው። እንግዲህ ልጄ፣ ሞተሩ ይሙቅ፣ ነዳጁም ይንደድ፣ አንተ ግን አትሙቅ። አትላስና መድኃኔዓለም አካባቢ ሌሊት ሰዎችን ስትመላልስ፣ «አንዲት ቢራ ምን ታደርግሃለች» የሚልህ አታጣም። ሞቅ ያለው ሰው ከኋላ ወንበር ይቀመጥ፤ ከመሪው ጋር ሙቀት አይስማማም። ቀድሞህ በገባው ሰው ተናደህ ክላክስ ላይ መተኛትም ያው ሙቀት ነው።

እረኛ እንዴት እንደሚነዳ ማየት ከፈለግህ ሩቅ አትሂድ። የበዓል ሰሞን በጎሮና በሰሚት በኩል በግ ነጂዎች ሲያልፉ ቆም ብለህ እይ። ሰውየው ከኋላ ነው። ዱላውን በጎቹ ላይ አያሳርፍም፣ ከጎናቸው አስፋልቱን መታ መታ ያደርጋል እንጂ። አንዱ በግ ሲያነክስ መንጋው ሁሉ ቀስ ይላል። መሻገሪያ ላይ ሲደርስ ፊተኛውን ሳይሆን የኋለኛውን ያያል፤ እሱ ካልተሻገረ አልተሻገረማ። እረኛ መንጋውን የሚያስኬደው በወይፈኑ እግር ሳይሆን በጥጃዋ እግር ነው። መገናኛ ላይ ልጅ አዝላ፣ ዘንቢል አንጠልጥላ የምትሻገረዋን ሴት ስታይ ይህን አስብ። የመንገዱን ፍጥነት የምትወስነው እሷ ናት፤ ያንተ አዲስ መኪና አይደለም። ከኋላህ ያለው ቢጮህም ይጩህ።

መጽሐፍም ይህን ግስ ያውቀዋል። ሙሴ የአማቱን በጎች ወደ ኮሬብ ሲነዳ ዕብራይስጡ የተጠቀመበት ግስ፣ በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 9 ኢዩ ሠረገላውን ሲያስጋልብ ከተጠቀመበት ጋር አንድ ነው። በኢይዝራኤል ግንብ ላይ የቆመው ጠባቂ ሰውየውን በመልክ ሳይለየው በአነዳዱ ለየው፤ እንደ እብድ ነበራ የሚነዳው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ማለት ይህ ነው። ከዚያው ግስ የወጣው «ሚንሃግ» የሚባለው ቃልም ዛሬ ለአይሁድ ልማድ ማለት ነው። አንተም በመጀመሪያዎቹ ወራት የለመድከው አነዳድ እስከ ሽምግልናህ አይለቅህም፤ ስለዚህ አሁን፣ እጅህ ገና ሳይደርቅ፣ በደህናው አስለምደው።

አንድ ነገር ከሁሉ ያሳስበኛል፤ ስልኩ። ጥሪ መጣ፣ ሒሳቡ ስንት ነው፣ ደንበኛው የት ጋ ቆመ እያልክ ዓይንህ ከመንገዱ ይነሣል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ነው። ሳሩ እውነተኛ ነው፣ ገንዘቡም ያስፈልግሃል፤ ቤት ኪራይ እንዳለብህ አውቃለሁ። ግን ዳር ይዘህ፣ ፍሬቻ አብርተህ፣ ቆመህ እየው። የሚያመልጥህ አንድ ጉዞ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ መንገዱ ሳይጨናነቅ ና፤ ከገርጂ በጎሮ አድርገህ እስከ አያት ንዳኝ። ከጎንህ ሆኜ አነዳድህን አያለሁ፣ ያየሁትንም ሳልደብቅ እነግርሃለሁ። ስልክህን ለኔ ትሰጠኛለህ፤ የደወለውን ሁሉ እኔ አነጋግርልሃለሁ።