የተረፈው ቍርስራሽና የዕለት ግዢያችን

በስደት በምንኖርባቸው አገሮች ገበያው ሰፊ ነው፤ ዕቃውም ርካሽ ነው። ሳህን ከማጠብ አዲስ ገዝቶ መጣል ይቀላል። በዚህም ምክንያት በየዕለቱ የምንገዛውና የምንጥለው ነገር የኑሮ ጉዳይ ብቻ ነውን? ወይስ የሃይማኖትና የግብረ ገብ ጥያቄም አለበት? የሚል ሐሳብ ይነሣል። አንዳንዶች «በገንዘቤ የገዛሁትን ብጥለው ማን ይጠይቀኛል?» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «የእኔ ትርፍራፊ ዓለምን አያጠፋም፣ አያድንምም» ይላሉ። ሁለቱንም በየተራ መመርመር ይገባናል።

ስለ መጀመሪያው የዮሐንስ ወንጌልን ምዕራፍ 6 እናስተውል። ጌታችን በ5 እንጀራና በ2 ዓሣ 5 ሺህ ሰው ከመገበ በኋላ፣ የተረፈው አንዳች እንዳይጠፋ እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ 12 መሶብም ሞላ። ይህን ያዘዘው እጥረትን ፈርቶ አይደለም፤ እንደ ገና ማብዛት ይችል ነበርና። እንግዲህ የማግኘት ችሎታ የማባከን ፈቃድ ሊሆን አይችልም። ገንዘቡ የድካማችን ዋጋ ቢሆንም እህሉን ያበቀሉት አፈርና ዝናም የእኛ ሥራ አይደሉም። አዳምም በገነት የተሾመው ሊያበጃትና ሊጠብቃት እንጂ ሊያባክናት አልነበረም።

ሁለተኛው አሳብ ይበልጥ ይከብዳል፤ በእርግጥም የአንድ ሰው ትርፍራፊ ጥቂት ነው። ነገር ግን የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ መሠረት በ2022 ብቻ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ ከዚህም ከመቶ 60 ያህሉ የተጣለው ከየቤቱ ነው። በዓለም ላይ አየርን ከሚያሞቁት ጋዞች ከመቶ 8 እስከ 10 የሚደርሰውም ከሚጠፋውና ከሚባክነው ምግብ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ሁሉ እያንዳንዱ «ጥቂት ነው» ብሎ ከጣለው የተጠራቀመ ነው።

ጉዳቱንስ ማን ይሸከመዋል? ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በቦረናና በአካባቢው 5 ተከታታይ የዝናም ወቅቶች ከሽፈው አርብቶ አደሩ ከብቱን አጥቷል። የዓለም ሙቀት መጨመር ያን ድርቅ እጅግ እንዳከፋው ሊቃውንት በ2023 ባወጡት ጥናት አስረድተዋል። ያ ወገናችን ከእኛ ይልቅ እጅግ ጥቂት ይገዛል፣ እጅግ ጥቂትም ይጥላል። ሐዋርያው ጳውሎስ በቆሮንቶስ ገበያ ስለሚሸጠው ሥጋ በጻፈ ጊዜ የገዢውን መብት አልካደም፤ ሆኖም ከመብት በላይ የወንድምን ጉዳት ማሰብ እንደሚገባ አስተማረ። የዛሬው ወንድማችን ሩቅ ስለ ሆነ ወንድምነቱ አይቀርም።

ይሁን እንጂ ከአንድ ስሕተት ወደ ሌላ እንዳንገባ እንጠንቀቅ። «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ዕቃ ማብዛት ጽድቅ አይደለም፤ እርሱም ቢሆን ዕቃ ነው። የፕላስቲክ ቆሻሻን ለይቶ ማስቀመጥም ብቻውን አይበቃም፤ በ2019 በዓለም ከተጣለው ፕላስቲክ እንደ ገና ለሥራ የዋለው ከመቶ 9 ያህሉ ብቻ ነበር። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» ከማለታችን በፊት «ያስፈልገናልን?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። ይህ ጥያቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጾም ያስተማረን ይህንኑ ነው፤ የተፈቀደውንና በእጃችን ያለውን ስለ ፍቅር መተው። የሚጾምም ሰው «የእኔ አንድ ጾም ምን ይጠቅማል?» ብሎ አይተወውም።

ከቅዳሴ በኋላና በዝክር ቀን በየደብራችን የሚዘረጋው ማዕድ መልካም መጀመሪያ ይሆናል። ምግቡ በሚመጣው ሰው ልክ ይሠራ፤ የተረፈውም ለሕሙማን፣ ለተማሪዎችና ለብቸኞች ይዳረስ፤ የሚጣለው ሳህንም በሚታጠብ ይተካ። እጥበቱ ግን በእናቶቻችን ላይ ብቻ አይውደቅ፤ ወንዶችም ወጣቶችም ተራ ይግቡ። ሁለት ሥራ እየሠራ ልጆቹን የሚያሳድገውንም ሰው በገዛው ዕቃ አንፍረድበት፤ በራሱ ጽድቅ ተመክቶ የጸለየው ፈሪሳዊ ምን እንዳገኘ እናውቃለንና። ሸክሙን ብንካፈለው ግን ለሁላችን ይቀልላል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።