ተክሌን ማን ተቀበለው?

ምእመናን፣ ነሐሴ 13 የምናከብረው የደብረ ታቦር በዓል የከተማችንን ስም የያዘ ነው። በታቦር ተራራ ከጌታ ጋር ከታዩት አንዱ ኤልያስ ነበር። ይህ ነቢይ በኮሬብ ዋሻ ብቻውን እንደ ቀረ ለአምላኩ አቤቱታ አቅርቦ ነበር፤ ለበኣል ያልሰገዱ 7000 ሰዎች እንዳሉ ነው የተነገረው። አያውቃቸውም እንጂ ነበሩ።

ከገጠር መጥቶ በአነጋገሩ የሚሳቅበት ተማሪ፣ እኩዮቿ ሁሉ ሲዳሩ በየቡናው «ያንቺስ መቼ ነው?» የምትባል ልጅ፣ የኤልያስን አቤቱታ ያውቁታል።

የፎገራው፣ የናበጋ ጊዮርጊሱ አለቃ ገብረ ሐናም ሳያውቁት አልቀሩም። ሕዝቡ የያዘላቸው ቀልዳቸውን ነው፤ ፍትሐ ነገሥት አዋቂነታቸው ተረሳ፤ ይህ ያስቆጨኛል። የጣናን ማዕበልና የዳሩን ሸንበቆ አይተው ለማኅሌቱ ዝማሜ አዲስ አካሄድ አበጁ ይባላል። የጎንደር ካህናት ግን አንቀበልም አሉ። ነባሩን መጠበቃቸው አንድ ነገር ነው፤ የአለቃ ምላስ ያልነካው ሰው ጥቂት መሆኑም ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ እንጠንቀቅ፤ ሰው የሸሸን ሁልጊዜ ልዩ ስለሆንን አይደለም፤ አንዳንዴ ስለምንዋጋ ነው።

አለቃ ግን አዲሱን ነገር ለሰው ብለው አልጣሉትም። ተቀይመውም ከማኅሌቱ አልወጡም። ዜማው ያው የቅዱስ ያሬድ ዜማ ነው፤ መቋሚያውም፣ ጸናጽሉም፣ ከበሮውም ያው ነው። የተለየው የአካሉ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። የሚለያችሁ ነገር ሲከብዳችሁ ይህን መርምሩ፦ ከሰው የምትለዩበት ምን ያህል ነው? የምትጋሩትስ? ብዙ ጊዜ የተለየው ትንሽ ሆኖ ሳለ ሌላውን ሁሉ ይጋርደዋል።

ይህን አዲስ አቋቋም ወደ ደብረ ታቦር ያመጣው ልጃቸው ተክሌ ነው፤ የዚህ አገር ካህናት ተማሩት፤ ስሙም በልጁ ስም ጸና። አባት የደከመበት በልጅ ስም ተጠራ፤ ይህንንም መቀበል ያስፈልጋል። ዛሬ ተክሌን የሚሻ ደቀ መዝሙር ወደ እኛ ይመጣል።

እንግዲህ የደብረ ታቦር ሰዎች፣ የምንኮራበት አቋቋም ሌላ ቦታ በር የተዘጋበት ነው። በሰንበቴው ጥግ ይዞ የሚቀመጠውን እንግዳ ልጅ ማነው ጠጋ ብሎ ያነጋገረው? ለመጪው እሑድ መልሱን ይዛችሁ ኑ።